ስለ ሽግግር ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት

እንግዳ ሰው በራፌ ላይ ቆሞ ፈገግ ካለ ደስ አይለኝም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ያን ቀን የመጡት ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ፋይል ታቅፈዋል። ከዩኒቨርሲቲ ነን አሉ። አንዱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ አንዱ የኢኮኖሚ ሰው፣ ወጣቷ ደግሞ የሰውን አኗኗር የምታጠና። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ያለችውን የኔን ጎጆ ለማየት ሦስት ምሁር!

«የምናጠናው የኃይል ሽግግርን ነው» አለ መሐንዲሱ።

ጊዜው የሽግግር መንግሥት ዘመን ነው። ሽግግር ሲባል የሚታየን ሥልጣን ብቻ ነበር፤ ኃይል ሲጨመርበትማ ጭራሽ። «እኛ ቤት ፖለቲካ የሚያውቅ የለም» ብዬ በሩን ልዘጋ ስል ወጣቷ ሳቀች።

«ኧረ እትዬ! ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ መሻገሩን ማለታችን ነው። ሰፈሩ በራሱ የፈጠረው ዘዴ ካለ ብለን ነው።»

ከድጡ ወደ ማጡ! ቤቴን በኮምፔርሳቶ ከፍዬ ያከራየኋት ሴት ባሏ የሞተባት ናት፤ ሳምቡሳ ጠብሳ መገናኛ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። የራሷ ቆጣሪ ስለሌላት ከእኔ መስመር ቀጥዬላታለሁ፤ ይህ ደግሞ ክልክል ነው። ከታወቀ ይቆረጣል፤ እንጀራዋም አብሮ። ሁለት ምድጃ አብሮ ከበራ ባልቦላው ስለሚቃጠል፣ እሷ ማብራት ስትፈልግ ኮምፔርሳቶውን ሁለቴ ትመታለች። እኔም የራሴን አጥፍቼ አንዴ እመልስላታለሁ።

«በከሰል ነው የምናበስለው» አልኩ ድርቅ ብዬ። ወጤ ከኋላዬ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይንተከተካል።

ኳ፣ ኳ አለ ኮምፔርሳቶው።

«አይጥ ናት» አልኩ።

መሐንዲሱ ገባ ብሎ ለቀልድ ያህል በጣቱ አንዴ መታና መለሰላት። ወዲያው የከፈትኩት ሬዲዮ ዝም አለ፤ የምድጃዬ ሽቦ ቅላቱ ጠፋ። ተከራዬ ሊጥ በሊጥ በሆነ እጇ እየሮጠች ገባች። «ምነው አንቺ! አብሪ ብለሽኝ!» አለችና ሰዎቹን ስታይ ደነገጠች።

«ይኼንን ነው የምንፈልገው!» አለች ወጣቷ በደስታ። ለማንም እንደማይናገሩ፣ እንዲያውም እንዲህ ያለው መጋራት እንዲፈቀድ ሊጠይቁ እንደሚፈልጉ ማሉልኝ። ተከራዬ ግን ይህን ሳትሰማ ወጥታ ነበር። እኔም መሐላቸውን አላመንኩም። ስሸኛቸው «ጥናቱን ይስጣችሁ» አልኳቸው፣ ለቀስተኛ እንደሚባለው። አልሳቁም።

ሊቆርጥ የመጣ ማንም የለም። ተከራዬ ግን በማግስቱ ሽቦዋን ራሷ ነቅላ ጠቀለለችና ደጅ ከሰል አቀጣጠለች። ሳምቡሳው ቶሎ ስላልደረሰላት የጠዋቱ ገበያ አመለጣት። ወደ እሷ ወጣሁ።

«ማንም አልመጣም እኮ፣ መልሺው» አልኳት።

ከሰሉን ማራገቧን አላቆመችም። «መስመሩን ለብቻዎ ፈልገውት ከሆነ፣ ሰው ከሚጠሩብኝ ቢነግሩኝ ይሻል ነበር» አለችኝ።

እርስዎ! አንድ ግቢ ስንኖር ከአንቺ ሌላ ብላኝ አታውቅም። ብምልላትስ? እኔ እሷን ብሆን ኖሮ አላምንም ነበር።