እንጦጦ ያወጣቸው ኮች ዘነበ አይደለም

ውሸት ነው በሉኝ እባካችሁ።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። የኮች ዘነበ ፎቶ፣ ከሥሩ ሻማ። እኔ ጅሉ ልደቱ መስሎኝ «እንኳን ተወለድክ» ብዬ ልልክ ስል ነው «ነፍስ ይማር» የሚለውን ያየሁት። ልቡ ነው አሉ። ትናንት የካ አባዶ፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ የኳሶቹን ማዳበሪያ እንደተሸከመ።

ለማታውቁት፣ ኮች ዘነበ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። የየካ ሚካኤል ሰፈር ልጆችን ቅርጫት ኳስ ያስተማረን እሱ ነው። በየቅዳሜው ከአባዶ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ማዳበሪያውን አዝሎ፣ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ከሁላችንም ቀድሞ ይገኝ ነበር። «እርስዎ» ስንለው ይቆጣ ነበር። «እርስዎ ብለህ እስክትጨርስ ኳሱን ወሰዱብህ እኮ!»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ወደ ቅርጫቱ መወርወር ክልክል ነበር። እውነቴን ነው። ሥራችን ሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ እየዘለሉ መውረድ ነው። እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ይቆማል። አያየንም፣ ያዳምጣል። ጉልበታችንን አጥፈን ቀስ ብለን ከወረድን ዝም ይላል። «ጧ» ካልን ግን፣

«ተሰማ። ድጋሚ።»

በቃ፣ ይቺው ናት። «መዝለልማ ፍየልም ይዘላል፣ አወራረዱን አሳየኝ» ይለን ነበር።

ወላጆች ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን የአንዱ ልጅ አባት ሁላችንም እየሰማን፣ «የሯጭ አገር ልጆች ይዞ ደረጃ ያዘልላል። እንጦጦ አያወጣቸውም እንዴ?» አለ። ኮች አልተቆጣም። «እንጦጦ ለሯጭ ነው። የኛ ልጅ ሁለት እርምጃ ሮጦ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይዘላል፣ ይወርዳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጉልበት ገና እያደገ ነው፣ ቁልቁለት ላይ አላስፈጨውም» አለው።

እኔ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ረዳቱ። ወንድሙ ሞቶበት ደብረ ብርሃን ሲሄድ ፊሽካውን ሰጠኝ። «እንደተለመደው አሠራቸው። እንጦጦ እንዳታወጣቸው» አለኝ። በዚሁ ቃል ነው ያለኝ።

አወጣኋቸው።

ግጥሚያ ደርሶ ነበር። የዚያ አባት ንግግርም ውስጤ ገብቶ ነበር። ኮች ሲመለስ ልጆቹ ጠንክረው ቢያገኛቸው ይኮራብኛል አልኩ። ልጆቹን ደግሞ «ኮች ነው ያዘዘው» አልኳቸው። አለዚያ አይወጡልኝማ።

ላይ ስንደርስ ልጆቹ ደስታቸው ለጉድ ነበር። የኔም ልብ አበጠ። «እስከ አስፋልቱ ማን ይቀድማል!» አልኩ። ዝናብ ጥሎ ስላደረ የባሕር ዛፉ ቅጠል ያንሸራትታል። ሰባት ቁጥራችን ከፊት ነበረች። አላስፈቀድኳትምና ስሟን አልጽፍም። ከሁሉም የምትበልጥ ልጅ ነበረች፣ ከደረጃው ስትወርድ የማትሰማ። ጉልበቷ ሲዞር ከኋላዋ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ኳስ በዚያው ቀረ።

ኮች ሲመለስ ስብሰባ ተጠራ። አባቷ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ማነው እንጦጦ ውጡ ያላቸው?» አለ። ልጆቹ ሁሉ «ኮች» አሉ። ኮች ዞር ብሎ አየኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ።

አፌ እንደተለጎመ ስብሰባው አለቀ። ሜዳውን ከለከሉት፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው አባዶ የኮንዶሚኒየሙን ልጆች ነበር የሚያሠለጥነው።

ውጪ ቆሜ ሳለቅስ መጥቶ፣ «አንተ ገና ታሠለጥናለህ፣ ስምህ ከአሁኑ አይበላሽ። እሷን ግን ራስህ ንገራት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየበዓሉ ስደውልለት የመጀመሪያ ጥያቄው «ነገርካት?» ነው። «በዚህ ሳምንት ኮች።» እሷ መንገድ ላይ ስታየው ፊቷን ታዞርበት ነበር፣ ኳስ አያያዝ ያስተማራትን ሰው! እሱ ግን «አረማመዷ እንዴት ነው? ታነክሳለች?» እያለ ይጠይቀኛል። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ዛሬ ከዚያ ፎቶ ሥር አንዱ «ጥሩ ሰው ነበር፣ ያቺን ልጅ ባያሰናክላት ኖሮ» ብሎ ጽፏል። ስንቱ ላይክ አድርጎታል።

ከታክሲው ወርጄ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ሰባት ቁጥሯን በእናቷ ሱቅ ውስጥ በርበሬ እየመዘነች አገኘኋት። መሞቱን ነገርኳት፣ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። የያዘችውን አስቀመጠች።

«እንደተቀየምኩት ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ትናንት ጠዋት እንኳ ብትነግረኝ ሄጄ ጉልበቱን እስም ነበር።»

«ውጣልኝ» አለችኝ። ወጣሁ። እያነከሰች መጥታ በሩን ዘጋችው።

ጓደኞቼ፣ ሼር አድርጉት። እንጦጦ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ በእሱ ስም የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አሁን እኔ የማሠለጥናቸው ልጆች ወላጆችም አንብቡት። ከቅዳሜ ጀምሮ ልጆቻችሁን ባትልኩልኝ አልፈርድባችሁም።

ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት የካ ሚካኤል ነው። እሷ ትምጣ አትምጣ አላውቅም።

ኮች፣ ነገርኳት። አንተ ከሄድክ በኋላ ነገርኳት። ክፉ አወራረድ ነው የወረድኩት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። እዚያ ደረጃ ሥር ጀርባህን ሰጥተኸኝ ብትቆም ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጥፋቴን በስምህ ተሸክመህልኝ ስድስት ዓመት ኖርክ፣ እኔ አንዲት ልጅ ፊት መቆም አቃተኝ። ይቅር በለኝ አልልህም፣ ያንንም በጊዜው አላልኩህም። ደህና ሁን ኮች። ከእንግዲህ «ድጋሚ» የሚለኝ የለም።