የጋሼ ዘሪሁን ናፍጣ የተፈተነችበት መንገድ

ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ብርሃን የተነሳነው ለአማቴ ቤት ቆርቆሮ ልናደርስ ነው። አማቴ የሚኖሩት ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ ነው። ግማሹን ቆርቆሮ በእኔ የቤንዚን ፒካፕ፣ ግማሹን በጎረቤቴ በጋሼ ዘሪሁን አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ጫንን። ጋሼ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ልጃቸው ሂሩት "አባዬ፣ ጭሷ ጨረሰን፤ ሽጣት" እያለች ስትነዘንዛቸው ከርማ በመጨረሻ ተስማሙ፦ በዚህ ጉዞ መንገድ ላይ ከቀረች ትሸጣለች፤ ደርሳ ከተመለሰች ወሬው ይቆማል። ምስክሩ እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከሂሩት ጋር ነበር።

ማለዳ 12፡30፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የእኔዋ ቁልፍ ሲነካት ተነሳች። የጋሼ ናፍጣ ግን አጓራች፣ አጓራችና ዝም አለች።

"ጋሼ፣ ገና ከሰፈር ሳንወጣ?" አልኩ እየሳቅኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ፊቷ ላይ ማን ገተረ?"

ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሼ ሁልጊዜ መኪናቸውን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው የሚያሳድሯት ጠዋት ተንደርድራ እንድትነሳ ነው። እኔ ደግሞ ዋዜማውን ቆርቆሮ ስጭን መንገዷን ዘግቼ አድሬአለሁ። የእኔን ዞር አድርጌ ከኋላ ገፋኋት፤ ጥቁር ጭሷን ፊቴ ላይ ለቃ ተነሳች።

"ይሄ አይቆጠርም" አሉ ጋሼ በመስኮት። "ሰፈር መንገድ አይደለም።"

ረፋድ 4 ሰዓት፣ አንኮበር

በገብስ ማሳው መሃል እየቀደምኩ፣ እየቆምኩ ጠበቅኳቸው። አንኮበር ጉም ውስጥ ነበረች፤ ትኩስ ሽሮ በላን።

"ቤንዚንህ ይበቃል?" አሉኝ ጋሼ።

የማደያው ሰልፍ ሰልችቶኝ ሳልሞላ ነበር የወጣሁት። "በደንብ!" አልኳቸው።

ቁልቁለቱን እሳቸው በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ወረዱ፤ የእኔ ፍሬን ግን ሸተተ። አልዩ አምባ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን። አማቴ መርቀውን ሲያበቁ ስድስት ጆንያ ማሽላ እኔ መኪና ላይ አስጫኑ። አማት እምቢ ይባላል እንዴ!

9 ሰዓት፣ አቀበቱ ላይ

ጭነቱና ዳገቱ ተባብረው ቤንዚኑን ጠጡት። መርፌው ሲወርድ እያየሁ ላብ አጠመቀኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ መኪናዬ ቀጥ አለች። ጋሼ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ።

"መጠባበቂያ አለኝ" አሉ። "ችግሩ፣ ናፍጣ ነው።"

ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ጆንያዎቹን ወደ እሳቸው መኪና አዛውረን ገመድ አሰርን። ናፍጣዋ ማሽላውንም እኔንም ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ በሰው እርምጃ አቀበቱን ወጣች። አንኮበር ላይ ከአንዲት ባለሱቅ በውሃ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን አግኝቼ በራሴ ጎማ ተመለስኩ።

12 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ቤት

ሂሩት በር ላይ ትጠብቀናለች።

"እሺ ምስክር፣ መንገድ ላይ ቀረች?"

ጋሼ ኮፈኗን እየዳበሱ ያዩኛል። ማለዳ መገፋቷን ብናገር ሂሩት እንደምትይዘው ያውቃሉ።

"ማለዳ ተገፍታ ነው የተነሳችው" አልኩ፤ "እሱም በእኔ ጥፋት። መንገድ ላይ የቀረችው የእኔዋ ናት፤ ጎትታ ያወጣቻት እሷ።"

ሂሩት ሳቀች፤ ጋሼ ግን ፊታቸውን አዞሩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ቀላል መንገድና ቀዝቃዛ ጠዋት የቤንዚን ነው፤ ጭነትና አቀበት የናፍጣ። ይህን የተማርኩት በገመድ ጫፍ ታስሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬን የማሳድራት ከናፍጣዋ ኋላ ነው።