ከማንኩሳ ቡሬ፣ እግር ሳይወርድ

ቅዳሜ ንጋት፣ ፍኖተ ሰላም

ጎህ ሳይቀድ ሳይክሌን እየገፋሁ ከግቢ ስወጣ ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ኅዳር ነዋ! ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል እግሬ ብረት ነው እያልሁ እጎርር ነበር። ለካ መቆምና ፔዳል መርገጥ ለየቅል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለከተራ ሦስት ሰዎች ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው በአንድ ቀን በሳይክል ባሕር ዳር ሊገቡ ቆርጠዋል። አራተኛ ልሁን ብዬ ለመንሁ። መሪያቸው ስሜነህ የሒሳብ መምህር ነው፤ አብሮ አደጌ ቢሆንም አፉ አይምርም።

"ከማንኩሳ በላይ ያለውን ዳገት እግርህ መሬት ሳይነካ ወጥተህ ቡሬ ከገባህ ትሄዳለህ። አለዚያ መንገድ ላይ ቆመን አንጠብቅህም" አለኝ።

ያለፉትን ቅዳሜዎች ሁሉ ሞክሬ ወድቄያለሁ። ዛሬ የመጨረሻ ሙከራዬ ነው። የጣለኝ ደግሞ ጉልበት ማጣት አይደለም። ዳገቱ ወገብ ላይ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ደጁን በእግሩ አልፎ ነው ተመልሶ የሚቀመጥ። አባቴ ሲያደርግ እያየሁ አደግሁ፤ እዚያ ስደርስ እግሬ እኔን ሳያማክር ይወርዳል። ስሜነህ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሽው ይላል።

"ዕረፍት አምሮህ ነው እንጂ! ጊዮርጊስ ራሱ ከፈረሱ አልወረደ፣ አንተ ማን ነህና ትወርዳለህ?" ይለኛል።

ዕረፍት ፈላጊ መባሌ አንገበገበኝ።

ማንኩሳ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል

የመንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ነው። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል፤ እያስነጠሰኝ እነዳለሁ። ጆንያ የተጫኑ አህዮች ወደ ገበያ ይጎርፋሉ፤ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ በጎኔ ያልፋል። ከስሜነህ ጋር ሻይ ቤት ገብተን ዳቦ በሻይ በላን። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሆዴን አየት አደረገና፣

"ጋሼ፣ ከኋላ ይያዙኝና ልጎትትዎት?" አለኝ።

"ዞር በል! ቡሬ እንገናኛለን!"

ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አውካካ።

ዳገቱ ላይ

ማርሽ ቀነስሁ፤ ረገጥሁ፤ ላቤ ዓይኔን ያቃጥለዋል። ደህና እየወጣሁ ነበር። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ግን ያው እግሬ ወረደ። ተሳለምሁ። ከላይ ስሜነህ፣ "አበቃ! ወረድህ!" ብሎ ጮኸ።

ደጃፉ ላይ የተቀመጡ ሸምገል ያሉ ቄስ ፊቴን አይተው፣ "ምነው ልጄ፣ ምን ሆንህ?" አሉኝ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ።"

ነገሩን ነገርኋቸው። እየተናገርሁ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "አባ፣ ዛሬ ተሳልሜያለሁ። አሁን ቁልቁል ተመልሼ ዳገቱን ከሥሩ ብጀምርና ደጁን ከሳይክሌ ሳልወርድ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል?"

ሳቁ። "ሰላምታህን አድርሰህ የለም እንዴ? ምን ነውር አለው! እንዲያውም እዚሁ እጠብቅሃለሁ።"

ሳይክሌን አዞርሁ።

"አብደሃል? ዳገቱን ሁለቴ?" አለ ስሜነህ።

"ዕረፍት ፈላጊ አይደለሁ? እያረፍሁ ነው!" ብዬ ቁልቁል ተለቀቅሁ።

ሁለተኛው መውጣት ሌላ ነው። ጭኔ ነደደ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ አስፋልቱ ግድግዳ ሆነብኝ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ያ ልማደኛ እግሬ ሊወርድ ሲል ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "እንዳትወርድ! እለፍ! በርታ!" አሉ። ግንባሬን የሳይክሌ መሪ ላይ ደፍቼ አለፍሁ። ገበያተኞቹ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን አቀለጡት። ፔዳሉ ቀለለኝ መሰለኝ። ኧረ የለም፣ አልቀለለኝም፤ ደስታ ነው።

ቡሬ፣ እኩለ ቀን

ቡሬ ስገባ የምሳ ሰዓት ደርሶ ከተማው ይተራመሳል። ዳገቱ ላይ ቆሞ ሲያየኝ የነበረው ስሜነህ ከኋላዬ ደረሰ። ስልኩን አወጣና ለሁለቱ ጓደኞቻችን ደወለ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እንደ ጎማ ፓምፕ እተነፍሳለሁ።

"አራት ሆነናል" አላቸው። "አዎ፣ እሱው። ስሙኝማ፣ ዳገቱን ሁለቴ ወጥቶታል። በከተራ እሱ ከፊት ይንዳ፤ እኛ እንከተለዋለን።"

እሰይ! ሳይክሌን ጥዬ፣ የቡሬ ሰው እያየኝ፣ አደባባዩ መሐል በሁለት እግሬ ዘለልሁ።