ወፍጮው ያረፈበት ቀን

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል፤ ቢሆንም ሰው "ለኑሮ ቢቸና ይሻላል ወይስ ሞጣ?" ብሎ በጠየቀ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። በዚያ ዘመን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከዚህ የበለጠ የሚያከራክር ወሬ አልነበረም። ኪራይ የት ይረክሳል፣ ውሃ የት ይገኛል፣ አከራይ የት ይሻላል። ሁለቱም ከተማ ኖሬያለሁና መልስ ለመስጠት ከሁሉም የምቀርበው እኔ ነበርኩ። ግን አፌን ሞልቼ መልሼ አላውቅም። ለምን እንዳልመለስኩ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ቢቸና አራት ዓመት አስተማርኩ። ከባለቤቴ ከስንዱ ጋር የምንኖረው እትዬ ላቀች የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበር። ኪራዩ ሰማንያ ብር ነው። ከወፍጮው ራቅ ካልክ መቶ ሃምሳ ትጠየቃለህ፤ እሱ ደግሞ በአንድ መምህር ደመወዝ የሚሞከር አልነበረም። እትዬ ላቀች ግን አንድ ደንብ አላቸው። ተከራይ ቶሎ ቶሎ እየለቀቀ ስላስቸገራቸው የዓመቱን ኪራይ አስቀድመው ይቀበላሉ። ተከራዩ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚለቅ እኔ አልጠየቅሁም።

ወፍጮው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል። ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ እርስ በርሱ ይንኳኳል። ድምፁን እንደ ምንም ለመድነው። ብናኙ ግን የሚለመድ አልሆነም። በጣሪያው ክፍተት እየገባ አልጋው ላይ ያርፋል፤ ጠርገን ሳንጨርስ ተመልሶ ይመጣል። ልጃችን ማህሌት ገና ስድስት ወር ሳይሞላት ማሳል ጀመረች። ጤና ጣቢያ ያሉት ነርስ ሦስት ጊዜ ሽሮፕ ሰጡን። በአራተኛው ጊዜ ግን ሽሮፑን ትተው፣ "ከዚያ ቤት ካልወጣችሁ በከንቱ ነው የምትመላለሱት፤ ሳንባዋ ሳይጎዳ አውጧት" አሉን።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየሁ። ይበልጣል የሚባል የሞጣ መምህር ከቢቸና መምህር ጋር ቦታ መቀያየር ይፈልጋል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሞጣ ኪራይ ርካሽ ነው ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት።

ሐምሌ ላይ ሄጄ ቤቱን አየሁት። ሰፋፊ ሁለት ክፍሎች፣ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ አጥር፣ ኪራዩ ሰባ ብር። ይበልጣል ግቢ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ከፈተና ፊቴ ቆሞ እጁን ታጠበ። ረጋ ብሎ ነው የታጠበው፤ ውሃው ይፈሳል። ጥግ ላይ ክዳኑ የተከደነ ትልቅ በርሜል ነበር። አየሁት፤ ለምን እንደተቀመጠ ግን አልጠየቅሁም።

እሱም በተራው የእኔን ቤት ማየት ፈለገ። "በገበያ ቀን ብመጣ መኪና አላጣም" አለኝ። በገበያ ቀን ወፍጮው እስከ ማታ አያርፍም። ቶሎ ብዬ፣ "የለም፣ የገበያ ቀን ይጨናነቃል፤ ሃያ አንድ ቀን ና" አልኩት። ሃያ አንድ ማርያም ናት። የወፍጮው ባለቤት በማርያም ቀን አይፈጭም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ የምንቀያየረው ሥራ እንጂ ቤት አልነበረም። ይበልጣል ቢቸና መጥቶ የወደደውን መከራየት ይችላል። ነገር ግን ከከፈልኩት የዓመት ኪራይ ገና የሰባት ወሩ ቀርቶኝ ነበር፤ እትዬ ላቀች ደግሞ "ሰው ተካና ቀሪውን ከእሱ ተቀበል፤ እኔ ከኪሴ አላወጣም" ብለውኛል። ስለዚህ እሱን ከቤቱ ማስገባት ነበረብኝ።

በሃያ አንድ ስንዱ በሌሊት ተነስታ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ዱቄቱን ወለወለች። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ይበልጣል መጣ፣ ክፍሎቹን አየ፣ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰ። "አባቴ ከእኛ ጋር ናቸው" አለኝ። "የኔታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ጠፋ። አሁን የቀራቸው ጆሮ ነው። ጸጥታ ይወዳሉ። ሰፈሩ እንዴት ነው?"

"እንደምትሰማው ነው" አልኩት።

የሰባት ወሩን ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠኝ። እኔም ዕቃችንን ጭነን ለተጓዝንበት አይሱዙ ከፈልኩበት፤ የተረፈውን ለሞጣው አከራይ ሰጠሁ።

ሞጣ ክረምቱ እስኪወጣ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ጥቅምት ሲገባ ቧንቧው መጀመሪያ በስምንት ቀን፣ ቀጥሎ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣ ጀመር። በርሜሉ ለምን እንደተቀመጠ ያኔ ገባኝ። ስንዱ ማህሌትን አዝላ፣ ጀሪካን ይዛ ከምንጭ ትመላለሳለች። ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ ዳገቱን ውሃ ተሸክማ ትወጣለች። እኔ ከሥራ ስመለስ ወገቧን ይዛ ነው የማገኛት። አንዳንዴ በአህያ የሚያመጡትን ውሃ እንገዛለን፤ ያን ጊዜ የሞጣ ኑሮ ከቢቸናው ይብሳል። በዚህ ላይ አከራዩ መጥቶ ኪራዩን መቶ ሃያ አደረገው። "በሰባ የሰጠሁት ለይበልጣል ነው፤ ከአንተ ጋር ምን ውል አለኝ?" አለኝ።

ማህሌት ማሳሏን ትታለች። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ይህን ግን በዚያ ንዴት ውስጥ ሆኜ ልብ አላልኩትም።

አንድ ቀን ስንዱ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ "ሂድና ያን ሰውዬ አስፈርመው" አለችኝ። "እንመለስ። ሌላ ቤት እንፈልጋለን። እኔም ቢቸና ያለችው እህቴ አጠገብ እሆናለሁ።" ሌላ ቤት በምን አቅማችን ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ ሁለታችንም ከፈረምን ዝውውሩ ይሰረዛል አሉኝ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ የእሱን ቦታ ክፍት ትቼ ኪሴ ከተትኩት።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ቢቸና እስክንደርስ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነው የሄድኩት። አታላይ ልለው ነው። ሚስቴን ወገቧን ሰበርክ ልለው ነው። ፊቴ ቆሞ እጁን ሲታጠብ ታየኝና የባሰ ተናደድኩ።

ግቢው ስደርስ ወፍጮው በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። በሩን ብመታ ማን ይሰማል። ዘልቄ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ወጥተው፣ ከወፍጮው ግድግዳ የመጨረሻውን ርቀት ርቀው፣ አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ጠጋ ብዬ ጤና ይስጥልኝ አልኩ። አልሰሙኝም። ትከሻቸውን ስነካቸው ደነገጡ።

"ማነህ?"

"ከሞጣ ነው የመጣሁት፣ የኔታ። መምህር ይበልጣልን ፈልጌ ነው።"

"ወደ ጆሮዬ ቅረብና ተናገር።"

ደገምኩላቸው። ከሞጣ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልጃቸው ለምሳ ሊመጣ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ቤቱ አወሩኝ።

"ከእኛ በፊት እዚህ የነበረው መምህር ቀን ቆጥሮ ነው ያስገባን" አሉ። "ልጄን መቼ ነው ቤቱን ያየኸው አልኩት። ሐምሌ ሃያ አንድ አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኔ ዓይን ባይኖረኝም ቀን አይጠፋኝም። ልጄ የዘመኑን ትምህርት ተምሯል፤ በማርያም ወፍጮ እንደማይፈጭ ግን አላሰበም።"

ይበልጣል መጣ አልመጣ ብዬ በሩን በሩን አየሁ።

"ብንወጣ የሰባት ወር ገንዘብ ከፍለናል። ሴትዮዋ ሰው ተኩና ሂዱ አለችን። ልጄ እሱም በበዓል ቀን ሊያሳይ አሰበ። እኔ እያለሁ በበዓል ቀን ለሰው ቤት አታሳይም አልኩት። በሥራ ቀን ያሳያል፤ የመጣው ሁሉ ከበር ይመለሳል። እናም ይኸው አለን።" ሳል ያዛቸው። እስኪለቃቸው ብዙ ጠበቅሁ። "ድሮ ተማሪዎቼ ቅኔያቸውን ሊያሰሙኝ ይመጡ ነበር። እዚህም ሁለት ሦስቴ መጡ። እነሱ ይጮኻሉ፣ እኔ አልሰማም። አሳዘኑኝና አትምጡ አልኳቸው።"

ዘለፋ ባወረዱብኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልተራገሙም፤ እየነገሩኝ ብቻ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

"የኔታ፣ ሰውየው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እጄን አልለቀቁትም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ "ልጄ ስለ ውሃው ነግሮሃል? ንገረው ብዬው ነበር። ነግሬዋለሁ ብሎኛል።"

ተመልከቱ እንግዲህ። ይበልጣልን ለመክሰስ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ደግሞ ራሳቸው ጠየቁኝ። ግን ስለ ውሸት የማወራበት አፍ አጣሁ። "አዎ፣ ነግሮኛል" አልኳቸው።

ይበልጣል ሲመጣ እኔን ከአባቱ ጋር አይቶ በር ላይ ቆመ። ከስቷል። ልጣላው የመጣሁ መሰለውና ቀድሞ ጎትቶ ከአጥር ውጭ አወጣኝ። "በውሃው ጉዳይ ጥፋተኛ ነኝ" አለኝ። "ሚስቴ ውሃ መሸከም ሰልችቷት ነው። አሁን ግን እኛ ብንጠማ ይሻለናል። ካልከበደህ እንሰርዘው። ዛሬ እፈርማለሁ።"

ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነው። የእኔ ፊርማ አርፎበታል። አውጥቼ መስጠት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያን ጊዜ ነው ማህሌት ትዝ ያለችኝ። ብንመለስ መቶ ሃምሳ ብር የለኝም። ከተከፈለው ኪራይ ገና ያላለቀው ወር ያለው እዚሁ ቤት ነው። የምንገባው ተመልሰን እዚሁ ነው። እጄን ከኪሴ አወጣሁ፤ ባዶውን።

"አልችልም" አልኩት።

ይበልጣል እየጮኸ ለመነኝ። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ግን ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ አለ። የኔታ የልጃቸውን ጩኸት ተከትለው አጥሩን እየዳበሱ መጥተው ኖሮ ከኋላችን ቆመዋል። "ልጅ አለህ?" አሉኝ።

ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብዬ፣ "ሴት ልጅ አለችኝ" አልኳቸው።

"እዚህ ታስል ነበር?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"ትታዋለች።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ተወው፣ አይመለስም። እኔም አባት ነኝ፤ እሱን ብሆን አልመለስም ነበር።" ቀጥለው ለእኔ፣ "ያሳዘነኝ ሌላ ነው" አሉኝ። "ልጄ ታማ ነው ብትለው ቦታውን ይቀይርህ ነበር፤ ቤቱንም ለእኛ አትሰጠንም ነበር። የሰባት ወር ኪራይህን ብለህ ነው።"

ምሳ ብላ አሉኝ። እንዴት ብዬ ልብላ። መኪና ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ።

ሞጣ ስደርስ ስንዱ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ፈረመ?" አለችኝ።

"እምቢ አለ" አልኳት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። መንገድ ላይ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። እውነቱን ብነግራት ስለ ልጇ ስትል እሺ ትል ነበር ይሆናል። ግን የኔታ ያሉኝንም መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን በአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

ይበልጣልና ቤተሰቡ የከፈሉት ወር ሲያልቅ ከዚያ ቤት እንደወጡ ሰምቻለሁ። የኔታ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቻቸውን ይስሙ አይስሙ አላውቅም፤ መጠየቅ አፍሬያለሁ። ገንዘቡንም እመልሳለሁ እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። እኛ ሞጣ ቀረን። ማህሌት አደገች፤ ሳል የሚባል አያውቃትም። ስንዱ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጀሪካን ባነሳች ቁጥር ይበልጣልን ስትረግመው ኖረች። ከልቧ ነው የምትረግመው። "የእኔን ወገብ ያየ አምላክ ይይለት" ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ፤ አንዳንዴም አሜን እላለሁ።

ስንዱ ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ይህን ዓምድ አንብባው ነው የምትተኛው። ፊት ለፊት ልነግራት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስሟን እንዳለ የጻፍኩት ለዚህ ነው።