ቀኙ የረዳቱ ነው

ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራት ቢሆን ኖሮ ያንኑ አንድ የመብራት እንጨት ሁለት ጊዜ መግጨቴን አላነሳም ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ቤት መቀመጥ አልሆንልህ አለኝ። ሚስቴ ወጥ ቤት ስትገባ ከኋላዋ ቆሜ «ቀስ ብለሽ ዙሪ» እላለሁ። በር ስትዘጋ «አልተዘጋም፣ ድገሚው» እላለሁ። ለጥቂት ቀን ታገሠችኝ። ከዚያ በኋላ «ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔም ጡረታ እወጣለሁ» አለችኝ።

ሥራው በአራት እግሩ መጣ። ጎረቤታችን ጋሪ ነጂ ነው። ባዝራው ወልዳ፣ ውርንጭላዋ ጡት ብትተውም እናቷን መከተሉን አልተው ብላ፣ ከጋሪው ጎን ጎን እየሮጠች መኪና መሃል ትገባበታለች። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያማርር ሰማሁትና «ለእኔ ስጠኝ። ስንቱን ተሳፋሪ ሥርዓት ያስያዝኩ ሰው አንዲት ውርንጭላ ታቅተኛለች?» አልኩት። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ጋሪ ነጂው ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

«ውሰዳት፣ ሾፌር። ሁለት ዓመት ሲሞላት እናያለን። ለማያውቃት ሰው አራቱንም እግሯን በሰላም ከሰጠች ያንተ ናት። ካልሰጠች ግን ትመለስልኛለች፤ ጋሪ ትገባለች» አለ።

ሚስቴ አጠገባችን ነበረችና ምስክር ሆነች። እሷ ምስክር በሆነችበት ነገር ደግሞ አላልኩም ብሎ ማምለጥ የለም።

እኔ ግን እሱ የሳቀውን ያህል አልሳቅኩም። እናቷን በየቀኑ አያታለሁ። አጥንቷ ሳይጠና ጋሪ ስለገባች የፊት ጉልበቶቿ አብጠዋል፤ ቆማ እንኳ አንዱን እግሯን ማሳረፍ ትፈልጋለች። የእኔንም የግራ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ በልቶታልና ሕመሙ ይገባኛል። ሁለት ዓመት ለፈረስ ልጅነት ነው። ይቺ ዳማ ውርንጭላ እንደ እናቷ እንድትሆን አልፈለግኩም፤ ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው።

የሰፈሩ ሰው ስሟን «ጡረታ» አላት። ሲያገኙኝ «ጡረታህ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ትበላለች» እላለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ለተሳፋሪ በማወጣው ድምፅ ጀመርኩ። ግቢው መሃል ቆሜ «ጠጋ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ጡረታ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከነልብሱ በጥሳ፣ የሚስቴን ቀሚስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ግቢውን ዞረችው። ሚስቴ በመስኮት አየቻትና «ከእኔ ይልቅ ለእሷ ያምራል» አለች።

በማግስቱ ድምፄን ቤት ትቼ ወጣሁ። ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩና ጋዜጣ ዘርግቼ እንዳላየኋት ሆንኩ። ሾፌር ሆኖ አለማየት እንዴት ይከብዳል! ዓይኔ ስፖኪዮ ፍለጋ ይቅበዘበዛል። እሷ ግን ቀን በቀን እየቀረበች መጣች። በመጨረሻ ጆሮዬን አሸተተችና የስፖርቱን ገጽ በላችው። ቡድኔ ተሸንፎ ስለነበር አልከፋኝም።

ከዚያ ወዲህ መቸኮል ተውኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንገቷን እዳስሳለሁ፤ ቆዳዋ ሲረጋጋ እጄን አነሣለሁ፤ እንደገና እዳስሳለሁ። ከአሮጌ የመቀመጫ ቀበቶ የሰፋሁትን የራስ ማሰሪያ መጀመሪያ አሸተተችው፣ ቀጥላ አላመጠችው፣ በመጨረሻ አጠለቀችው። ጃንጥላ ከሩቅ እየከፈትኩ፣ ፌስታል እያንኮሻኮሽኩ፣ የሰፈሩን ሞተር ብስክሌት ሁሉ አስለመድኳት። ሰው ፈረሱን «ቁም» ይላል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የቆምኩት «ወራጅ አለ!» ሲባል ነውና እሷንም በዚያው አስተማርኳት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለን አንድ ታክሲ በጎናችን ሲያልፍ፣ ከውስጥ አንዲት ሴትዮ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ታክሲው አልፎ ሄደ፤ ጡረታ ቆመች። የዚያን ቀን ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ሁሉም ሰላም ነበር ማለቴ አይደለም። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀር ሚስቴ ፉርሽካ ልትሰጣት ወጥታ እግሯን አስረግጣ ተመለሰች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ያንተዋ ግን የሄደችው በእኔ እግር ላይ ነው» አለችና ጣቷን አስራ ተቀመጠች።

የየማለዳ ሥራችን አንድ ነበር። ድሮ ጎማ አስቀምጥበት ከነበረው የቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ጋር ጎኗን አስጠግቼ አቆማታለሁ፤ በግራዋ ሆኜ እቦርሻታለሁ፤ ሰኮናዋን አንሥቼ እፈትሻለሁ። በግድግዳው በኩል ያለውን ጎኗን በጀርባዋ ላይ ተንጠራርቼ አዳርሰዋለሁ። የዚያኛውን ወገን እግሮቿን ደግሞ ከሆዷ ሥር እጄን አሳልፌ ከወዲህ እስባቸዋለሁ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም። ራሴ ስለፈለሰፍኩት እኮራበት ነበር።

ሁለት ዓመቷ ደረሰና ሰኮና የሚያስተካክለውን ሰው ጠራነው። ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ጡረታን አይቷት የማያውቅ ጎልማሳ ነው። ጋሪ ነጂው በሩን ተደግፎ ቆመ። ሚስቴ ደጃፍ ላይ ወንበር አወጣች። እኔ ጢሜን ተላጭቼ ነበር።

ሰውየው በግራዋ ጎንበስ አለ። ጡረታ የፊት እግሯን፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዳስቆመው ሰው መንጃ ፈቃድ፣ አውጥታ ሰጠችው። የኋላውንም ደገመችለት። ከርክሞ፣ ሞርዶ፣ «ጎበዝ» ብሎ መታ መታ አደረጋት። ጋሪ ነጂውን በዓይኔ ጥግ አየሁት፤ መሳቁን ትቷል።

ሰውየው ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጋትና ወደ ቀኟ ዞረ።

ጡረታ አየር ላይ ወጣች። የመሣሪያው ሣጥን ተገለበጠ፣ ሞረዱ አጥር ሥር ገባ፣ ሰውየው ጀሪካኑ ላይ ዘሎ ወጣ። አረጋግቶ እንደገና ሞከረ፤ ያው ሆነ። በግራዋ ሲመለስ ደግሞ ጠቦት ነች።

«አባቴ፣ በዚህ በኩል የሚሠራት ማነው?» አለኝ እያለከለከ።

«ረዳቴ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የሾፌር በር በግራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በግራ ገብቼ በግራ ወርጃለሁ። በቀኝ ያለው በር፣ ሻንጣው፣ የመልስ ጭቅጭቁ፣ የሰከረው ተሳፋሪ፣ ያ ሁሉ የረዳቱ ጣጣ ነው። ጡረታንም ሳላውቀው እንደ ጋቢና በግራ በር ስገባባት ኖሬአለሁ፤ ቀኟን ከግድግዳው በቀር የነካው የለም።

«ፈረስ በግራ ዓይኗ ያወቀችውን በቀኟ እንደ አዲስ መማር አለባት» አለ ሰውየው። «እርስዎ ያሠለጠኑት ግማሿን ነው። ግማሹ ግን እውነቴን ነው የምልዎት፣ ግሩም ነው።»

«ልጆቻችንንም ያሳደግከው እንዲሁ ነው» አለች ሚስቴ ከወንበሯ። «ደግነቱ እነሱ በቀኝ በኩል እኔ ነበርኩላቸው።»

ማታ ገብቼ ብስኩት አድዬ፣ ማለዳ ክላክስ ነፍቼ የምወጣ አባት ነበርኩ። ትኩሳቱም፣ የትምህርት ቤቱ ጣጣም፣ ኩርፊያውም የእሷ ነበር። እውነቷን ነው።

ጋሪ ነጂው መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ቃል ቃል ነው፣ ሾፌር።»

«ነው» አልኩ።

ወደ ምስክሯ ዞርኩ። ሚስቴ መሬት መሬት ታያለች። ገመዱን ሰጠሁት።

እውነቱን ልናገርና፣ እንቢ ትለዋለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በኋላ እግሯ ቆማ፣ ገመዱን በጥሳ፣ ጉድ ታሳየዋለች ብዬ። ጡረታ ግን ገመዱን የያዘውን ሰው ተከትላ፣ በረጋ እርምጃ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ከበሩ ወጣች። ሰው እንዳትፈሪ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሥራዬ ሲሰምር አይቼ እንደዚያ ቀን አልቅስ አልቅስ ብሎኝ አያውቅም።

እግሬ አላስቆም ብሎኝ እስከ በሩ ተከተልኳቸው። ጋሪ ነጂው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሳበ። የሚሳብ ክብደት ስላልነበረ በአፍጢሙ ሊደፋ ምንም አልቀረው። ዞሮ አያት። እሱ ሲቆም ቆመች። ሄደ፤ ሄደች። ግራ ሲገባው ዱላውን ከፍ አድርጎ ወዘወዘው። ጡረታ አንገቷን ዘርግታ የዱላውን ጫፍ አሸተተችው። ሁለቱንም አፍንጫዋን ከፍታ፣ የሚበላ ይሁን የሚቦርሽ ለማወቅ፣ በደንብ አድርጋ አሸተተችው።

ጋሪ ነጂው ዱላውን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው። ፊቱን አጥቁሮ ይዟት ተመለሰ።

«ፈረስ አበላሸህ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ዱላ የማታውቅ ፈረስ እኔ ምን አደርግባታለሁ? እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት አድርጌ ነው ይቺን የምመታት?»

ገመዱን እጄ ላይ ጣለው።

«ቀኟን ጨርስና ጥራኝ፤ ያን ጊዜ እንደገና እናያለን» አለና ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ሄደ።

ሰው ፊት ማልቀስ ነውር መስሎኝ ፊቴን ጋማዋ ውስጥ ቀበርኩ። ለካ አሁንም በግራዋ ነኝ። ሚስቴ በታሰረው እግሯ እያነከሰች መጥታ፣ ትከሻዬን ያዘችና ወደ ቀኝ አዞረችኝ።