ያለ ሬሳ የወረደ ሙሾ

ፊልሙ አጭር ነው። ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። የአካባቢያችንን የጥበብ ሰዎች ከነኑሯቸው እናሳያለን ብለው ካሜራ ይዘው የዞሩ ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ አንዱ ፊልም ስለ ማሲንቆ መቺ፣ አንዱ ስለ ሸክላ ሠሪ፣ አንዱ ስለ አክስቴ። ማሲንቆ መቺውን ኮቱን አስወልቀው አሮጌ ጋቢ እንዳለበሱት ራሱ ነግሮኛል። እሱ ስቆ ተወው። እኔ ግን ሆደ ሰፊ አይደለሁም፤ የአክስቴን ነገር አልተውኩም፣ አልተውምም።

አክስቴ ከገሳይ ከተማ ወረድ ብላ የምትኖር ሙሾ አውራጅ ናት። አንቺ የምላት ስላሳደገችኝ ነው እንጂ አገር የሚጠራት አንቱ ብሎ ነው። ሰው ሲሞት እርሻውን፣ ደግነቱን፣ አመሉን ሳይቀር በግጥም ታወርደዋለች። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በወጉ የተቀበረ አይመስልም። ግን ሕግ አላት፤ ያለ ሬሳ ሙሾ አይወረድም። ለቅሶ በሌለበት ዜማውን ማንጎራጎር ሞትን በስሙ መጥራት ነው። እህል ስትፈጭ እንኳ አምልጧት አያውቅም።

እኔ ደብረ ታቦር አስተማሪ ነኝ። የዚያን ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ የፊልም ሰዎቹ ግቢዋን ሞልተውታል። ድንች ቀቅላ፣ በአዋዜ አቅርባላቸው፣ በልተው አፋቸውን እየጠረጉ ነበር። ዳይሬክተሩ ልጅ እግር ነው። «ማዘር፣ በሩ ላይ ቁጭ በይና አልቅሺልን» አላት። አበስኩ ገበርኩ አልኩ በሆዴ።

«ማን ሞቶ ልጄ?» አለችው።

«ለፊልሙ ነዋ።»

«ለቅሶ ያለ ቀን እወስዳችኋለሁ። ዛሬ የአጨዳ ዘፈን ላሰማችሁ፤ እሱም ደስ ይላል።»

እሱ ሰማዩን አየ። ብርሃኑ የሚያምረው አሁን ነው አላት። «ባልሽ ሞቷል አይደል? እሱን አልቅሺው።» ሰው የሰውን ባል እንዲህ እንደ ዕቃ ያነሳል? ጣልቃ ገባሁ። «ተው፣ ጎረቤት ይሰማል። ልጇ አረብ አገር ናት፤ ከደወለችም ሰንብታለች። ሰው ድምፅ ሲሰማ ሌላ ያስባል» አልኩት። «ትንሽ ብቻ ነው፣ አይዞሽ» አለኝ። አይዞሽ ይለኛል ደግሞ።

አክስቴ እንግዳ ማሳፈር አትችልም፤ ይሉኝታ ገድሏታል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይህ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ተቀመጠችና ጀመረች።

ማሳህ ጦም አደረ፣ በሬህ ቆሞ ዋለ፤
ማልዶ የሚጠራው ያ ድምፅህ የት አለ?

ጎረቤቱ በሙሉ ዳገቱ ላይ ገብስ ያጭድ ነበር። ግጥሙ ከዚያ ድረስ አይሰማም፤ ዜማው ግን ይሰማል። እሷ ደግሞ በከንቱ እንደማታወርድ ሁሉም ያውቃል። ማጭዱን እየጣለ ወረደ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንዶቹ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው፣ የልጅቱን ስም እየጠሩ መጡ። መርዶዋ የመጣ መስሏቸው ነው።

አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው። የልጇ ስም ሲጠራ ሰማች። ድምፅዋ ቀጥ አለ። እሷ ደግሞ ሊያረዷት የመጡ መሰላት። በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተዘረጋች፤ እኔም ሮጬ አነሳኋት። ዳይሬክተሩ ምን አለ መሰላችሁ? ለካሜራ ያዡ «እንዳታቋርጥ» አለው።

ነገሩ ሲጣራ ሰዉ ተቆጣ። አንድ ሽማግሌ «በልጅቱ ላይ በቁሟ ሟርት አወረዳችሁ» ብለው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። እኔ ዳይሬክተሩን ክንዱን ያዝኩት። «ይህን ትቆርጠዋለህ። ልጇ ካየችው እዚያ ሰው ቤት ውስጥ ታብዳለች» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በእናቴ እቆርጠዋለሁ» አለኝ። በእናቱ!

ደብረ ታቦር አዳራሽ ውስጥ ሲያሳዩት ፊልሙ የጀመረው በዚያው ነበር። አክስቴ ወድቃ፣ አገር ደረቱን እየመታ፣ ከሥሩ «የቀብር ሥነ ሥርዓት» የሚል ጽሑፍ። አዳራሹ አጨበጨበ። ተነስቼ «ቀብር አይደለም፤ ማንም አልሞተም» ብል ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ኃላፊ «እህቴ፣ ይሄ ጥበብ ነው» አሉኝ። ጉድ በል ጎንደር! ብዙ ሳይቆይ በየሰዉ ስልክ ላይ ገባ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፤ ተቀምጣ ትመለሳለች፤ አፏን አትከፍትም።

ልጅቱ የደወለችው እረፍት ሰዓት ላይ ነው። ተማሪዎቹ እየጮሁ ነበርና ከክፍሎቹ ጀርባ ሄጄ አነሳሁት።

«ማን ነው የሞተው?» አለችኝ፤ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ማንም።»

«አባቴም ሞቶ ስንት ጊዜ ደህና ነው ብላችሁኛል።»

እውነቷን ነው። ስደተኛ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ብለን መርዶ እንደብቃለን። በደግነት ነበር፤ ዛሬ ግን እውነት ብንናገርም የሚያምነን ጠፋ። እናቷም ዘመዶቿም ደህና መሆናቸውን ብምልላት አልሰማ አለችኝ።

«እናቴ መሬት ላይ ወድቃለች። አገር ያለቅሳል። ማንም አልሞተም ትይኛለሽ?»

ሌላ መውጫ አጣሁ። «አንቺ የሞትሽ መስሏቸው ነው» አልኳት።

በውስጤ ያንን ዳይሬክተር እየረገምኩት፣ አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔን ነው?» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ ሰው መጣ?»

«አገር ምድሩ። ማጭዱን እየጣለ።»

«እነዚያ ከእኛ ጋር በወሰን የተጣሉትስ?»

«እነሱም።»

ስታለቅስ ሰማኋት። «እዚህ ብሞት ስሜን የሚያውቅ የለም። ፊልሙን ከስልኬ አላጠፋውም» አለችና ዘጋችው።