ዓይኗን የምትገልጠው ቀይ መኪና

ባሌ ቀይዋን መኪና ከእኔ አስበልጦ ይወዳታል ብዬ ስንት ጊዜ ቀንቻለሁ። ዛሬ ግን ስለ እሷ ሲጣላኝ መስማትን የመሰለ ናፍቆት የለብኝም።

የምንኖረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር፤ እሱ ዘበኛ፣ እኔ ምግብ አብሳይ። ሁለታችንም ከመተማ በኩል ለአጨዳ መጥተን ባሱንዳ እርሻ ላይ ተገናኘን። የእርሻው ባለቤት ሐጂ ወደ ከተማው ቤታቸው ሲያመጡን አመላቸውን አየን። ሌላው ባለሀብት ገንዘብ ሲያገኝ ቤት የሚያህል መኪና ይገዛል። እሳቸው የሚወዱት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ትንሽ የስፖርት መኪና ነው፤ ያውም አሮጌና ርካሽ። «ወላሂ፣ ደስታ ውድ አይደለም» ይሉ ነበር። ሦስት ነበሯቸው፣ የአንድ ፋብሪካ ልጆች፤ ቀይዋ ታላቅ፣ ሰማያዊዋ መካከለኛ፣ ብርማዋ ታናሽ።

ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ዋልካ ጭቃ ትራክተር እንኳ ይውጣል። ሆዳቸው ከመሬት የማይርቅ እነዚህ መኪኖች ሰሊጡ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ሸራ ለብሰው ይተኛሉ። እንዳይደክሙ ባሌ ዓርብ ዓርብ፣ ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ፣ ሞተራቸውን ያስነሳ ነበር። እኔና እሱም የምንሟገተው ያኔ ነበር።

የቀይዋ መብራቶች ሲጠፉ ኮፈኑ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ሲበሩ እንደ ዓይን ብቅ ይላሉ፣ ግራው ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ። «ጠቀሰችኝ!» ይላል ባሌ። እኔ ደሜ ይፈላል። የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐዩ ቢጫ አድርጎታል። ዝናብ ታስገባለች። የሰማያዊዋ መስኮት ግን የምር መስታወት ነው፤ ቀዝቃዛ አየርም አላት፣ አካሄዷም የረጋ ነው። ብርማዋማ ቁልፍ ሲጫኑ ጣሪያዋን ራሷ ታጥፋለች።

«ሰማያዊዋ ወፍራለች» ይለኛል። «ብርማዋ ሁሉን ራሷ ትችላለች፣ ሰው አትፈልግም። ቀይዋ ግን ጠጠር ስትረግጥ እንኳ ለእጄ ትነግረኛለች።»

«እንግዲያ እራትህንም እሷው ትሥራልህ» እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ አዝመራው ከገባ በኋላ ሐጂ ፈቀዱለትና በቀይዋ የባሱንዳን መንገድ ይዞኝ ወጣ። ጣሪያዋን ገልጠን ስንሄድ ነፋሱ ሻሼን ወሰደው። «እንቁም» ስለው «ተዪው፣ አዲስ እገዛልሻለሁ» አለ። እስካሁን አልገዛልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ያን ቀን ፀጉሬ ተገልጦ፣ ጎኑ ተቀምጬ፣ የማንም ሠራተኛ አልነበርኩም።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሐጂ ቤተሰባቸውን አስቀድመው፣ እሳቸው በብርማዋ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ። ሁለቱን ለባሌ አደራ ሰጡት። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቱ ታመው በገላባት በኩል ወደ አገራችን ተሻገረ። እናቱን ቀብሮ ሊመለስ ሲል መንገዱ ተዘጋ። ወዲያ ማዶም ተኩስ ነው። «እንዳትመጪ፣ እኔ እመጣለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሞተር የማስነሳው እኔ ሆንኩ። ኔትወርክ ሲኖር ስልኩን ኮፈኑ ላይ አድርጌ የቀይዋን ድምፅ አሰማዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ «ስመጣ ዘይቷን እቀይራለሁ፣ ስመጣ ሸራዋን እሰፋለሁ» ይል ነበር። እኔም በዚያ ተስፋ ስኖር ከረምኩ። እየዋለ እያደረ «ስመጣ» ማለቱን ተወ።

ባለፈው ወር ቀይዋ አልነሳ አለች። እዚሁ ያደገ አንድ የኛ አገር ልጅ፣ መካኒክ ነው፣ መጥቶ አያትና «ኸላስ፣ አለቀላት፤ የቤንዚን መሳቢያ ቱሉምባዋ ሞቷል፤ መለዋወጫውም ማፊ፣ የለም» አለኝ። ይህን ለባሌ እንዴት ልንገረው? ሰማያዊዋን አስነሳሁና ስልኩን አስጠጋሁ።

«ይቺ ሰማያዊዋ ናት» አለ ወዲያው።

አሁን ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

«እሷም ጥሩ ናት» አለኝ ቀስ ብሎ። «እውነትሽን ነበር፣ እሷ ትሻላለች።»

ስንት ዓመት ልረታው የደከምኩበት ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲረታልኝ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስለ ቀይዋ የማይሟገተው መምጣቱን በልቡ ስለተወው ነው፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ያለፈው ዓርብ ሲደውል ቀይዋ ውስጥ ገብቼ ጠበቅሁት። መብራቷን አበራሁ። «ይቺ የአንተ ሰነፍ ዓይኗን ገለጠች» አልኩት። «ግራዋ እንደ ልማዷ ዘገየች። ቱሉምባዋ ሞቶ አልነሳ ካለች ወር ሆናት። ሰልችታኛለች፣ ነገ ለብረት ሰብሳቢ ነው የምሰጣት።»

«ምን አልሽ? አንቺ ሴት፣ እጅሽን አንሺ!» ጆሮዬ እስኪጮህ ጮኸብኝ። «የማንን መኪና ነው የምትሰጪው? መጥቼ ቱሉምባዋን እስካስገባላት ማንም እንዳይነካት! ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩ። ተሰድቤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሌላም ሊጨምርልኝ ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ከተቋረጠም በኋላ ከቀይዋ አልወረድኩም። መብራቱን ያበራሁት እጄን ዘርግቼ ነው፤ የተቀመጥኩት ያን ቀን ሻሼን ነፋስ የወሰደብኝ ወንበር ላይ ነበር፣ የሾፌሩን ቦታ ለእሱ ትቼ።